የእምዬ ዊሊስ

ነገሩን ከዶሮዋ እንጀምር። ይፋግ፣ አያታችን ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ዊሊስ ጂፕ ቆሟል። እኛ ልጆች ሳለን ጀምሮ እዚያው ነው። በሾፌሩ ወንበር ላይ (ወንበር ከተባለ፤ የቀረው ሽቦው ነው) አንዲት ቀይ ዶሮ ዕንቁላል ትጥላለች። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንገባ ዶሮዋን አስነሥተን ሞተሩንም ልናስነሣ ተማማልን።

እኛ ስንል ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና የአክስታችን ልጅ። አንዱ ታሪክ ይማራል፣ አንዱ ሥነ ጽሑፍ፣ ሦስተኛው ፍልስፍና። መቼም እንዲህ ያለ ጓድ ለመኪና ጥገና ሲሰለፍ መኪናውም ቢናገር ይቃወም ነበር። ካቻቪቴና ፒንሳን እንኳ በስም ነበር የምናውቃቸው።

ችኩል ያደረገን ቁራሌው ነው። በሰኔ መጨረሻ መጥቶ ጂፑን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ኮፋኖውን በቡጢ መታ መታ አድርጎ «ሠላሳ ሺህ» አለ። እምዬ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ እያሰበችበት ነው። የቤቱ ጣራ ዝጎ ያፈሳል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ማታ ማታ ድስትና ሳፋ እየደረደርን ነው የምንተኛው። ሠላሳ ሺህ ብር ጣራውን ይቀይራል። እኛ ለምነን፣ አባብለን፣ በመጨረሻ እንዲህ አለችን፦ «እሺ ልጆቼ፤ እስከ ጳጉሜ። በራሱ እግር ከዚህ ዛፍ ሥር ከወጣ ይቅር። ካልወጣ ግን ሰውዬው ይውሰደው፤ እኔ ዝናብ መጠጣት ሰልችቶኛል።»

ጂፑን አያታችን የገዙት ከመንግሥት ጨረታ ነው፤ ከዚያ በፊት ሾፌር ነበሩ። የመንደሩ ሰው ዊሊሱን የሚያስታውሰው በጭነቱ አይደለም። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ሌሊት የሚቀሰቀሱት እሳቸው ነበሩ። ዛሬም ይፋግ ውስጥ «እኔኮ የተወለድሁ እናንተ መኪና ውስጥ ነው» የሚሉን ትልልቅ ሰዎች አሉ። (አንደኛዋ ቦታውንም ታሳያለች፤ ከኋላ፣ በቀኝ በኩል።) እሳቸው ካረፉ በኋላ የነካው የለም።

ስለ መኪናው ጥቂት እንበል። አሜሪካኖቹ ይህንን ዓይነት፣ ሲጄ 3ቢ የሚሉትን፣ የሠሩት ከ1953 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ነው። ኮፋኖው እንደ ጉብታ ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱም ከውስጡ ያለው ሞተር ከቀድሞው የጦርነት ጊዜ ጂፕ ይረዝማል፦ አየርና ቤንዚን የሚያስገባው ቫልቮላ ከላይ ከቴስታታው ላይ ሲቀመጥ፣ ጭሱን የሚያስወጣው ከታች ከብሎኩ ውስጥ ቀርቷል። አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር። ሕንዶቹ ማሂንድራዎች፣ ጃፓኖቹም ሚትሱቢሺዎች ፈቃድ ወስደው ይህንኑ ለብዙ ዓመታት ሠርተውታል። ይህ ለኛ ተራ ወሬ አይደለም፤ የአሜሪካን ዕቃ ባይገኝ የሕንድ ይገኛል ማለት ነውና ትልቅ ተስፋ ሰጠን።

ገንዘቡስ? ፎገራ ሜዳ ወርደን የሩዝ አረም አረምን። ሦስታችን በቀን ሦስት ሦስት መቶ ብር፣ 12 ቀን፣ 10,800 ብር። ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መዋልን ያላየ ሰው ወገብ እንዳለው አያውቅም። ከአረሙ የተመለስን ዕለት የፍልስፍናው ተማሪ አንድ ጥያቄ ጣለብን፦ «ይህን ብር ለምን ለእምዬ ቆርቆሮ አንገዛበትም?» የመለሰለት የለም። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ደኅና መልስ የለንም። በማግሥቱ አዲስ ዘመን ሄደን ዘይት፣ አራት ካንዴላና የፍሬን ጎሚኒ ገዛን።

ሞተሩ ደርቋል። በማኖቬላ ብንል ወይ ፍንክች። የአክስታችን ልጅ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተን እንግፋው አለ፤ ገፋን፤ ጎማዎቹ ጭቃውን እያረሱ ተጎተቱ እንጂ ሞተሩ አልዞረም። ያን ጊዜ ነው አዲስ ዘመን ያሉ አንድ አሮጌ መካኒክ የለመንነው። መጡ፤ አዩ፤ ተቆጡ። «ምን ያጣድፋችኋል? ብረትም እንደ ሰው ነው፤ ሲያኮርፍ ይለመናል» አሉን። ካንዴላዎቹን አስፈትተው በየቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው አፈሰሱና «ሳምንት አትንኩት» ብለው ሄዱ። እኛ ግን በየጧቱ እየተነሣን እንዲያው በስሱ ማኖቬላውን እንሞክር ነበር። በዘጠነኛው ቀን አንዲት ጣት ያህል ሄደ። እምዬ ቡና ልታፈላ ረመጥ ይዛ ስታልፍ ሦስታችንም ብረቱን ጨብጠን ስንጮኽ አገኘችን፤ እባብ የነደፈን መስሏት ረመጡን ጣለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ ሁሉንም አንዘረዝርም። ፑንቲናው ሻግቶ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር መሆን ስላለበት ጋሼ (መካኒኩን ነው) የሲጋራ ፓኮ ወረቀት አጥፈው ለኩት። የቤንዚን ታንኩ ከውስጥ ዝገት ብቻ ስለ ሆነ ተውነው፤ በምትኩ ጀሪካን ከፍ አድርገን ሰቅለን በጎማ ቱቦ ወደ ካርቡራቶሩ አወረድነው። ራዲያተሩ ሲያፈስ ጎረቤታችን «ተልባ ጨምሩበት» አለን፤ ጋሼ ሰምተው «ተልባውን ራሱ ይጠጣው» ብለው በየዱት። ዊሊሱ የተሠራው ለ6 ቮልት ሲሆን ያገኘነው ባትሪ ግን የባጃጅ ነው፣ 12 ቮልት፤ ስለዚህ ከአሮጌ ቶዮታ የወጣ ቦቢና ለወጡልን። ሁለት ሺህ ብር ይሆናል ብለን ስንፈራ የተቀበሉን አምስት መቶ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ በሌሉበት «ዛሬ ይነሣል» ብለን የካንዴላውን ሽቦዎች ራሳችን ሰካን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ምን ያስቸግራል? ማኖቬላው ሲዞር ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል እንደ መውዜር ተኮሰ፤ ዶሮዋ አጥር ዘላ ጠፋች፤ ሁለት ጎረቤቶች በር ዘጉ። ዘመኑ የተኩስ ድምፅ የሚያስቅበት አይደለምና አፍረን ቤት ለቤት እየዞርን ይቅርታ ጠየቅን። ለካ ቅደም ተከተሉ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ኖሯል። ከዚያ በኋላ እንደ ዳዊት ደገምነው።

በዚያች ማታ ተስፋ ቆርጠን ከጣራው በሚወርደው ጠብታ ሥር ተኝተን፣ የታሪኩ ተማሪ ስለ ጋፋት አወራን። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስጣሉበት ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፉ መፍሰስ ነው፤ እሱ ግን ያወራን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ስለ ተጎተተበት መንገድ ነው። 7 ቶን ገደማ ብረት፣ በጋሪ፣ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተሠራ፣ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው። «የኛ አንድ ቶን ነው፤ ያውም ጎማ አለው» አለ። ሳቅን። ሳፋውን ደፍተን መልሰን ተኛን።

ጳጉሜ ሁለት ቀን ጋሼ መጡ። «አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አድርግ፤ ማኖቬላ መልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብራል» ብለው አስጠነቀቁ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በአምስተኛው ዊሊሱ አነቀው፣ አሳለው፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋና ያዘ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ፍሬኑ የሚይዘው በሁለት እግር ብቻ ስለ ነበር በአንደኛ ማርሽ እንደ በሬ አስወጣነው፤ ከዛፉ ሥር እስከ በሩ ሃያ ርምጃ ያህል። እምዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ምን ትል ይሆን ብለን ጠበቅን።

«የሱ እንዲህ አያስልም ነበር» አለች።

ቁራሌው በማግሥቱ መጥቶ ተመለሰ። ከብራችን 640 ቀርታን ነበር፤ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አትገዛም። ጣራው አሁንም ያፈሳል፤ ታርጋው የድሮ ነው፣ ቦሎ የለው፣ ፍሬኑ አላለቀም፤ መንገድ ሊወጣ አይችልም። እኛም ወደ ትምህርታችን ተመለስን። ባለፈው ሳምንት ስንደውል እምዬ የጎረቤቱን ልጅ በየሁለት ቀኑ እየጠራች በማኖቬላ እንደምታስነሣው ነገረችን። ዶሮዋስ ብንላት አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ነው የምትጥለው አለች፤ በቀኝ በኩል።