አባቴ ሳክስፎኑን የሰሙ ዕለት

ታላቁ ልጄ «የመጀመሪያ አልበሜን ልሠራ ነው» ሲለኝ ደስ አላለኝም። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሁለት ዓመት አልፎት ሥራ አላገኘም። ቀን የቅጥር ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል፤ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከበሮ ይደልቃል። «ይሄ ጃዝ ነው፣ ይሄ ፈንክ፣ ይሄኛው የሂፕ ሆፕ ምት» እያለ ያስረዳኛል። ለእኔ ሁሉም ያው ጩኸት ነበር።

የባሰው ቀጥሎ የጠየቀኝ ነው። «እማዬ፣ የአያቴን ሽለላ ቀድቼ አልበሙ ውስጥ ላስገባው እፈልጋለሁ።»

አባቴ የሚኖሩት መንዝ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው። በጉልምስናቸው እሳቸው ያልሸለሉበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም ነበር። ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ወንድሜ ሲያገባ ቴፕ ይዤ ሄጄ የአባቴን ሽለላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀድቼ ነበር። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በዚያው ካሴት ላይ የጊዜውን ዘፈን ቀዳሁበት። ባዶ ካሴት መግዣ አጥቼ አይደለም። የአባቴ ድምፅ ሁልጊዜ የሚኖር መስሎኝ ነው።

ለገና አብረን ሄድን። ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ መንዝ ስናመራ ከገደሉ በታች የይፋት አገር ተዘርግቶ ታየን። ልጄ በመስኮት እያየ «ጌታቸው መኩሪያ የተወለዱት እዚያ ነው» አለኝ። ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አላውቅም ነበር።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ አጫወተኝ። እሱ ወደ አገሩ ሙዚቃ የመጣው በውጭ ዞሮ ነው። አሜሪካዊው ራፐር ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አልበም ውስጥ አንዱ ዘፈን የተሠራው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ከዚያ ሙላቱን ፈለገ፤ ከሙላቱ ጌታቸው ላይ ደረሰ። ጌታቸው በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወቱ። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስደው በሳክስፎን ነፉት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ በእሳቸው ሳክስፎን የተሠራ አልበም አሳተመላቸው። ፈረንጆች በኋላ ሲሰሙት ከእነ ኦርኔት ኮልማን የጃዝ አጨዋወት ጋር አመሳሰሉት፤ ሰውየው ግን ያመጡት ከሽለላው ነበር።

ቤት ደርሰን ልጄ ሐሳቡን ሲነግራቸው አባቴ ባናቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ሽለላ ወንድ ለዘመቻ ሲነሣ ነው። በማሽን አይቀለድበትም» አሉ። እኔም በሆዴ «ደግ አደረጉ» አልኩ። ልጄ አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ «አባባ፣ እስቲ ይሄን ይስሙልኝ» ብሎ የጌታቸውን ሽለላ ከፈተላቸው።

መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው «አሁን ይይዘዋል… አሁን ይለቀዋል» ማለት ጀመሩ፤ ሳክስፎኑም እንዳሉት ያደርግ ነበር። ሲያልቅ፦

«ይሄ ሰው የት አገር ነው?»

«ይፋት ነው የተወለዱት። በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። ለካ ከገደሉ ሥር ያለ ጎረቤታችን ነው!» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ጨመሩ፦ «አይተሃል? እሱ አይቸኩልም። የሚሄዱት ከኋላው ያሉት ናቸው።»

ልጄን ወራት ያስቸገረው ይኸው ነበር። ሽለላ እንደ ዘፈን በምት አይቆጠርም፤ ሸላዩ ትንፋሹ እስከቻለ ይጎትተዋል። ልጄ ድምፁን ቆራርጦ ከከበሮው ጋር እኩል ሊያስኬደው ሲሞክር ሽለላው ይሞትበታል። ምቱ በራሱ ይሂድ፣ ድምፁ ከላይ እንደ ልቡ ይንሳፈፍ የሚለውን ያገኘው ከአያቱ አፍ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ አባቴ እሳት ዳር ሆነው «በል ክፈተው» አሉት። ጀመሩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ከዳቸው፤ ሳል ያዛቸው። እኔ «ይብቃዎ» አልኩ። እጃቸውን አወዛውዘው ዝም አሰኙኝና በዝግታ፣ እንደ ወሬ፣ ፉከራውን ማውራት ጀመሩ፦ የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን፣ የፈረሱን፣ የዋሉበትን ሜዳ። ጩኸት የለም። ራፕ የሚባለውም ሰው ስሙንና ሰፈሩን በምት የሚናገርበት እንደሆነ ልጄ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። ያን ጠዋት ገባኝ።

ያኔ ስለ ካሴቱ ተናዘዝኩ። አባቴ ወደ እሳቱ እያዩ «አውቃለሁ» አሉ። «ወንድምሽ ካሴቱን አምጪ ሲልሽ ስታድበሰብሺ ገብቶኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይዘሽው ኖርሽ?»

አልበሙ ገና አላለቀም፤ ልጄም ሥራ አላገኘም። ያለቁት አራት ዘፈኖች ናቸው። በአንዱ ላይ ተጣልተናል፦ እሱ ሳሉን ልቁረጠው ይላል፣ እኔ ተወው እላለሁ። ለጊዜው ትቶታል። የአባቴን ቅጂ ግን በሦስት ፍላሽ ገልብጬ፣ በላዩ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጽፌ አንዱን ለወንድሜ ልኬያለሁ። ማታ ከልጄ ክፍል ከበሮው ሲጀምር አሁን «ቀንሰው» አልልም። በሩን ገርበብ አድርጎ ይተውልኛል።