እርጥብ ገላ፣ እርጥብ አሸዋ

ባሕር ዳር የሚጫወቱ ልጆች ሲሳሉ የሚያሳስተን ፀሐዩ ነው። ሸራው ስለፈካ ሐሳቡም የቀለለ ይመስለናል። ስፔናዊው ሆአኪን ሶሮያ በዚህ ብዙ ታምቷል። እኔ ግን ልጅነትን የእሱን ያህል ጠልቆ ያየ ሠዓሊ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1863 ቫሌንሲያ ተወለደ። ሁለት ዓመቱ ላይ እናትና አባቱን ኮሌራ ወሰደበት፤ አክስቱና ቁልፍ ሠሪው ባሏ አሳደጉት። ስሙ ከገነነ በኋላም ወደዚያችው ከተማ ባሕር ዳር እየተመላለሰ ይሥል ነበር። ሸራውን የሚተክለው ነፋስ በሚነፍስበት፣ እዚያው አሸዋው ላይ ነው። አንዳንድ ሥዕሎቹ ላይ ዛሬም ከቀለሙ ጋር የደረቀ አሸዋ አለ።

«አሳዛኝ ውርስ»ን የሣለው በ1899 ነው። ወርዱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸራ፤ ባሕሩ ጠቁሯል። ጥቁር የለበሰ መነኩሴ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ውሃ ሊያስገባ አምጥቷል፤ በምርኩዝ የሚሄደውን ደግፎታል። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ታላቁን ሽልማት አስገኝቶለታል። ርእሱን ግን አልወደውም። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ኃጢአት ተሸክመው የመጡ ያስመስላል፤ ያ ዘመን በሽታን የሚያየው እንዲያ ነበርና። ብሩሹ እንዲህ ያለ ፍርድ አይሰጥም። የከሳ ጀርባቸው ላይ ያረፈው ብርሃን፣ ጤነኞቹን ልጆች ሲሥል ከሚያሳርፍባቸው ብርሃን በምንም አያንስም። ወላጅ አልባው ሶሮያ እነዚህን ልጆች ከሌሎች ልጆች ለይቶ ማየት አልቻለም ብዬ አምናለሁ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ገደማ የሣላቸው፣ ፕራዶ ሙዚየም ያሉት ሦስቱ ወንዶች ልጆች ውሃው ጠርዝ ላይ ራቁታቸውን በደረታቸው ተኝተዋል። ሰማይ የለም፤ አድማስም የለም። እርጥብ ገላ፣ እርጥብ አሸዋና ስስ ውሃ ብቻ። ይህን ደስታ ቀላል የሚለው ሰው «አሳዛኝ ውርስ»ን አላየም።

አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሜሪ ካሳት ደግሞ እህቷ ሊዲያ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1884፣ ሁለት ሴት ሕፃናትን አሸዋ ላይ አስቀምጣ ሣለች። ሥዕሉ ዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያላችሁ በነፃ ገብታችሁ ታዩታላችሁ። ልጆቹ አጎንብሰው አሸዋቸውን ይጫወታሉ፤ ከኋላቸው ያለው ባሕር ትዝም አላላቸው። ካሳት ስትሥል ሐዘኗ አብሯት ነበር ወይስ ልጆቹ አስረስተዋት? ሄዳችሁ ስታዩ ፊታቸውን ተዉትና ክንዳቸው ላይ ቆዩ።