ቢጫው ቅቤና ነጩ ቅቤ

በጎንደር ከተማ ቅቤ መግዛት ለዓይንና ለአፍንጫ የተተወ ሥራ መሆኑን የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች። እኛም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ነገሩ ከዚህ የሚያልፍ አይመስለንም ነበር። ከስድስት ዓመት ወዲህ የስኳር በሽታ ያደረባቸው እናታችን በውጭ አገር ከሚኖረው የእኅታችን ልጅ በስልክ ምክር ደረሳቸው። ልጁ ለአያቱ ተቆርቁሮ «እማማ፣ እንጀራውን ይተዉት፤ ስኳርዎን ከፍ የሚያደርገው እርሱ ነው። በምትኩ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጎመን በቅቤ ይብሉ» አላቸው። ቅቤውም ዝም ብሎ ቅቤ እንዳይሆን አደራ አለ፤ ወይ ሣር ብቻ ከበላች ላም የተገኘ፣ ወይም እርሱ ባለበት አገር «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሕፈት የሚለጠፍበት ዓይነት ይሁን ብሎ ምርጫውን ለእኛ ተወልን።

እናታችንም ስልኩን አስቀምጠው «ላም ሣር ካልበላች ምን ልትበላ ኖሯል?» ብለው ሳቁ።

ወሩ መስከረም ነበረ፤ ደመራው ሦስት ቀን ቀርቶታል። በቅዳሜ ገበያ የቅቤ ሻጮች በተርታ ተቀምጠዋል። አንዲት የወገራ ሴት በቅል ያመጣችውን ቅቤ በቅጠል ሸፍናው ነበርና ቅጠሉን ብትገልጠው ቅቤው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ታየ። ከአጠገቧ ያለው ነጋዴ ደግሞ ከከተማ የዲቃላ ላሞች የተገኘ ነው ያለውን ነጭ ቅቤ በትልቅ ሳህን ቆልሎ ተቀምጧል። እናታችን ከሁለቱም በጥፍራቸው ጫና ጫን እያደረጉ ወስደው በእጃቸው ጀርባ ላይ አሹና አሸተቱ። ከዚያም ወደ ሴቲቱ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ላሚቱ ምን በላች?» ሲሉ ጠየቋት።

«በመስከረም ምን ትበላለች ብለው ነው እናቴ? መስኩ ሁሉ ሣር አይደለም እንዴ! በመጋቢት ቢጠይቁኝ ነው እንጂ የማፍረው» አለች።

ይህች ሴት በአንድ ቃል የመለሰችውን እኛ ብዙ ካነበብን በኋላ ነው የተረዳነው። ሣር የበላች ላም ቅቤ ቢጫ የሚሆነው በለምለም ሣር ውስጥ ካሮቲን የሚባል ነገር ስላለ ነው፤ ሰውነታችንም ይህን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ስብም በእንዲህ ያለው ቅቤ ውስጥ በመጠኑ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በወገራም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ሜዳው ከኅዳር በኋላ እየደረቀ ይሄዳል፤ ላሚቱም የገብስና የስንዴ ጭድ ወደ መብላት ትመለሳለች፤ ቅቤዋም ይነጣል። ስለዚህ በእኛ ደጋ «ሣር የበላች ላም» ማለት የወራት ስም ነው።

«ኦርጋኒክ» የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቃል የሚመሰክረው መኖው ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መርዝ መብቀሉን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ደንብ እንዲህ ያለችው ላም በዓመት ቢያንስ 120 ቀን በመስክ መሰማራት አለባት፤ የቀረውን ጊዜ ግን በኦርጋኒክ መንገድ የበቀለ እህል ብትበላ አይከለከልም። በአገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ በ1998 ዓ.ም. ታውጇል፤ በወገራዋ ሴት ቅል ላይ ግን የተለጠፈ ወረቀት የለም። በመስከረም ላሟ የምትግጠውን የወል መስክ ማንም ማዳበሪያ ስለማይረጭበት ቅቤዋ ወረቀት ባይኖረውም ለስሙ የቀረበ ነው። በመጋቢት ግን የምትበላው ጭድ ዩሪያ ከተበተነበትና የአረም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ሊሆን ይችላል። የከተማዋ ላም ደግሞ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የቢራ ብቅል አተላ እየበላች ዓመቱን ሙሉ በግርግም ትውላለች፤ ወተቷ ይበዛል፣ ቅቤዋ ይነጣል፤ ንጹሕ ከሆነ ግን ያው ቅቤ ነው።

ንጹሕ ከሆነ አልን፤ በገበያችን ከሁሉ የሚከፋው ጉዳይ ይህ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ የገዛነውን ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ልናነጥረው ድስት ላይ ብንጥደው ከታች እንደ ሊጥ ያለ ነገር ዘቀጠ። አንዳንዱ ሻጭ የበሰለ ሙዝ ወይም ዱቄት ይደባልቅበታል፤ ይህስ ሲነጠር ይታወቃል። የሚረጋው ዘይት የተደባለቀበት ግን አብሮ ይቀልጣልና በዓይን አይለይም። ለበሽተኛ ቅቤ የሚመርጥ ሰው ስለ ሣርና ስለ ወረቀት ከመጨነቁ በፊት ሊጨነቅ የሚገባው ስለዚህ ነበር። እኛ ግን በዚያን ቀን ቢጫውን ቅቤ ገዝተን ደስ ብሎን ተመለስን።

በቤታችን አንድ ስሌት ሠርተን ነበር፤ የእኅታችን ልጅ ይህን ስሌት አላሰበውም። ከፍልሰታ መፈሰኪያ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ጾመ ነቢያት እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ዋዜማ ድረስ 94 ወይም 95 ቀን ነው። ከዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ ሲነሣ ከ70 ያነሰ ቀን ይቀራል፤ የጽጌን ጾም ለሚጾም ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቢጫ ቅቤ በገበያ የሚገኝበትና ልንበላው የሚፈቀድልን ጊዜ በአብዛኛው ይኸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ሳይቀር ይበላል፤ ያን ጊዜ ግን ቅቤው የጭድ ቅቤ ነው።

እናታችን ምክሩን በሙሉ ልብ ያዙት። እንጀራውን ተዉ፤ በፍስክ ቀን እንቁላልና ጎመን በቅቤ እየበሉ ሰነበቱ። በመስከረም መጨረሻ ገደማ በአንድ ረቡዕ ግን እንደ ልማዳቸው ጧት ግሊበንክላማይድ የሚባለውን እንክብላቸውን ዋጡና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስማቸውን ብንጠራቸው የሚመልሱት ሌላ ነበር። ከጎረቤት መለኪያ አስመጥተን ብንለካቸው ስኳራቸው 48 ብቻ ሆነ። ስኳር በውኃ በጥብጠን በግድ አጠጣናቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ወደ እኛ ተመለሰና «ጾሜን አስፈታችሁኝ» ብለው አለቀሱ።

ሐኪሙ ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ የቅቤውን ዓይነት አልጠየቀም። የጠየቀው እንክብሉ እንዳለ እንጀራው ለምን እንደቀረ ነበር። ያ መድኃኒት ሰው በላም አልበላም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ነውና መጠኑ ሳይስተካከል ምግቡ ከተቀነሰና ጾሙ ከተጨመረበት የሚሆነው ይኸው ነው አለን። እንጀራ መቀነሱን አልነቀፈም፤ እንዲያውም ደገፈው። ስለ ቅቤውም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለት 14 ግራም ያህል፣ 100 ካሎሪና 7 ግራም ገደማ የረጊ ስብ እንዳለው፣ ይህም የሚጎዳውን ኮሌስትሮል ከፍ እንደሚያደርግ፣ ከቢጫውም ከነጩም ቢሆን ልኩ አንድ እንደሆነ ነገረን። የኑግ ዘይት ስቡ በአብዛኛው የማይረጋ ስለሆነ የጾም ቀን ወጥ ለእናታችን እንደ ቅጣት እንዳይቈጠርም አሳሰበን። ስለ ጾሙ ሰዓት ግን «ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ» አላቸው። የንስሐ አባታቸውም መድኃኒት በሚዋጥበት ጧት ቁርስ እንዲበሉ አዘዟቸው። እናታችን ይህን ትእዛዝ ለመቀበል ስኳሩን ከመቀበል ይልቅ ብዙ ቀን ፈጀባቸው።

ከሁሉ ያስቸገረን የእንጀራው መጠን ሆነ። ከአንድ መሶብ አብሮ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ እንዴት ይቈጠራል? ለብቻቸው በሳህን ብናቀርብላቸው «ከልጆቼ መሶብ የወጣሁት ምን በድዬ ነው?» ብለው አልነካም አሉ፤ እኛም አፈርን። ኋላ ግን ታናሽ እኅታችን ብልሃት አገኘች። ግማሽ እንጀራ አጥፋ በእርሳቸው በኩል ከመሶቡ ዳር ታስቀምጣለች፤ በላዩም ምስሩንና ጎመኑን አብዝታ ትጨምራለች። ሲያጐርሱንም ከዚያው ከራሳቸው ድርሻ ነው፤ ስናጐርሳቸው ደግሞ ጎመን ብቻ እናጐርሳቸዋለን፤ እርሳቸውም ዐውቀው ዝም ይላሉ።

በቅርቡ የእኅታችን ልጅ ደግሞ ደውሎ ከሁለቱ ቅቤ የትኛውን እንደመረጡ ጠየቃቸው። «የወገራዋን ሴት» አሉት፤ «እርሷም ብትሆን እስከ ኅዳር ድረስ ነው።»