ሊብሬው 1960 ይላል

ሊብሬው ላይ «የተሠራበት ዘመን 1960» ተብሎ ተጽፏል። በእኛ ይሁን በፈረንጅ አይልም። ለሌላ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ የቆመች ቮልስ ለማስነሳት ቆርጦ ለተነሳ ሰው ግን ሁለቱ 1960ዎች ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው። በፈረንጅ ከሆነ መኪናዋ ባለ 6 ቮልት ናት። በእኛ ከሆነ እ.ኤ.አ. 1967 ወይም 68 ላይ ስለምንወድቅ ባለ 12 ልትሆን ትችላለች። ሳያጣሩ ባትሪ ገዝቶ ማሰር ደግሞ አምፖል ከማቃጠል ይጀምራል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ሸጎሌ፣ ግቢያችን ጥግ፣ ሸራ ለብሳ አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቴ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ሰርቪስ ቤት ሠርታ ማከራየት ትፈልጋለች። ልክ ናት፤ በጡረታ ብር የሚኖር ሰው ኪራይ ያስፈልገዋል። «እስከ ፋሲካ ከተነሳች ተነሳች፤ ካልተነሳች ቁራሌው ይወስዳታል» አለችኝ። የማትቀልድበት ድምፅ አላት፤ በዚያ ድምፅ ነው ያለችው።

ቮልስ ስትሉ ሰው ሁሉ ጃንሆይን ያነሳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። (ይሄኛው 1967 በእኛ ነው። ጣጣውን አያችሁ?) እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከኋላ ወንበሩም ኋላ ያለው ነው፤ የቮልስ ሞተር እዚያ ነዋ። ኮፈኑን ከፍቼ ብፈልግ ራዲያተር የለም፣ ውሃ የለም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። የቀረው ቆርቆሮ፣ ቱቦ፣ ሽቦ፣ አንድ የአይጥ ጎጆ።

ደግሞ ችግሩ የዕቃ ብቻ ሳይሆን የስምም ነው። አባቴ የጥገና ደብተር ነበረው። «ፑንቲና ተስተካከለ። ካንዴላ 4 ተገዛ። ቺንጋ ላልቷል። ቦቢና ይታይ።» ይሄ አማርኛ ነው? ነው እንጂ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ጋራዡ ውስጥ ቃላቱን ትቶ ነው የሄደው፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ሰውዬ ግን የሚያወራው እንግሊዝኛ ነው፤ ዕቃው ላይ የታተመው ደግሞ ጀርመንኛ። አንዲት ጥቁር ጣሳ በሦስት ቋንቋ ስትጠራ ሦስት ዕቃ ትመስላለች። ቦቢና መሆኗን የለየሁት ከመሀሏ በሚወጣው ወፍራም ሽቦ ነው፤ ሽቦው ዲስትሪቡተር ላይ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አራቱ ካንዴላ ይከፋፈላል።

ይህን ዘዴ ያስተማሩኝ ከዴፖው ወረድ ብለው የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ሳሳያቸው መነፅራቸውን እንኳን አላደረጉም። «ስሙን ተይው የኔ ልጅ። ምን ይገባበታል? ምን ይወጣበታል? ከማን ጋር ታስሯል? እሱን ንገሪኝ።»

እንደዚያ አድርገን ጀመርን። ካርቡሬተሩ ላይ የተደፋው ክብ ጣሳ ታቹ ዘይት አለው። መጀመሪያ ዘይት የፈሰሰበት መስሎኝ ልደፋው ነበር፤ ጋሼ ግን አየሩ ወዴት እንደሚሄድ እንድከተል አደረጉኝ። አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራው እዚያ ይቀራል። ለካ የአየር ማጣሪያው ራሱ ነው፤ ወረቀት የለው፣ ምን የለው። ለሸጎሌ አቧራ ከዚህ የተሻለ የታሰበበት ነገር አላየሁም።

ከካርቡሬተሩ ጎን አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባባት፣ የዳቦ ቆሎ ሳህን የምታክል ጥቁር ክብ ነገር አለች። ውስጧ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ስፕሪንግ ነው። ቁልፍ ሲዞር በመብራት ይሞቅና ይፈታል፤ ሲፈታ የካርቡሬተሩን የአየር በር ቀስ እያለ ይከፍታል። ሞተሩ ብርድ ላይ እያለ ነዳጅ በዛ እንዲልለት፣ ሲሞቅ እንዲቀነስለት ነው። ፊቷን በቤንዚን ጨርቅ ሳሸው ጽሑፍ ወጣ፦ 12 ቮልት።

አንድ ምስክር አይበቃም፤ ይቺ ዕቃ በኋላ ተለውጣ ሊሆን ይችላላ። የኋላ ወንበሩን አነሳን፤ የሻንሲ ቁጥሩ መሀል ላይ በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ ተመትቷል። 118 ብሎ ይጀምራል። 11 ተራዋን ቮልስ ነው፤ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል ማለት ነው፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1967 እስከ ጁላይ 1968 የተመረተችው። ይሄ በእኛ ሲቆጠር 1960 ላይ ያርፋል። ሊብሬውን የሞላው ሰው በአገሩ አቆጣጠር ነው የጻፈው፤ እግዜር ይስጠው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማስቀመጫ ሥር አለ፤ በዲ ፊደል ስለሚጀምር 1200 ነው። ኤች ቢሆን 1500 ነበር። ባትሪው ተገዛ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች። በቀኝ በኩል ካለው ሲሊንደር አጠገብ ከላይ ቀጭን ዘንግ ይወርዳል፤ ጫፉ ጥርስ አለው፣ ግን ምንም አልታሰረበትም። ምን ይገባበታል? ምንም። ከማን ጋር ታስሯል? ከማንም። ወደ ላይ ስከተለው የማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ሁለት ትንንሽ በሮች ያንቀሳቅሳል፤ በሮቹ አየሩ ወደ ሞተሩ እንዲያልፍ የሚከፍቱና የሚዘጉ ናቸው። እንግዲህ ከታች የሚገፋው ነገር ነበር፤ አሁን የለም።

ጋሼ ሳቁ። «ቴርሞስታቱ ነዋ። ለእኛ አገር አያስፈልግም እያልን ስናወጣው ነው የኖርነው።» በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። ድሬዳዋ ቢሆን እሺ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ሸጎሌ ደግሞ እንጦጦ ሥር ናት፣ የኅዳር ጠዋቷን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በሮቹ ክፍት ሆነው ከቀሩ ሞተሩ ሳይሞቅ በፊት ብርድ አየር ይነፋበታል፣ ዘይቱም እንደወፈረ ይቆያል። ተከራከርን፤ ሁለታችንም አልተረታንም።

ማታ የጾም እራታችንን እየበላን ለእናቴ ነገርኳት፤ ለጨዋታ ያህል ነበር። ሽሮዋን ማጉረሷን ትታ «እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ? ከነሐስ?» አለችኝ።

ጓዳ ገብታ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ መጣች። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ያለቀ ፑንቲና፤ ከሥር እሱ። አባቴ ሲያወጣው ባትሪ ይዛ የምታበራለት እሷ ነበረች። ሶማሌ ተራ ሄዳ ካንዴላና ቺንጋ የምትገዛለትም እሷው፤ እሱ ዋጋ ሲከራከር ቶሎ ይናደዳል። በደብተሩ ላይ «ተገዛ» እያለ የጻፈው ሁሉ የማን እግር እንደሆነ አይልም፤ ልክ እንደ ሊብሬው።

ውሃ ጣድን። «በወጥ ድስቴማ አይሆንም» ብላ አሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ አመጣች። ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ መቀመጡ ጥሩ ምልክት ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አምልጦ ቢሆን ተዘርግቶ ይቀር ነበር። ውሃው ሊፈላ ሲል እጥፋቱ አንድ በአንድ ተፈታ፣ ቁመቱ ጨመረ። ሁለታችንም ምድጃው ላይ አጎንብሰን እናያለን።

«ይተነፍሳል» አለች እናቴ።

ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ቴርሞስታቱን ከሞተሩ ጋር የሚይዘው ብረት ጣሳው ውስጥ አልነበረም። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ እንሄዳለን፤ ዋጋ የምትከራከረው እሷ ናት።