የክረምትን ዕረፍት በዛንዚባር ደሴት ስለ ማሳለፍ

ሰው ሥራውን በትጋት ሊፈጽም የሚችለው በጊዜው ያረፈ እንደ ሆነ ነው። በሬ እንኳ ቀንበሩ ሳይወርድለት ዓመቱን ሙሉ አያርስም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ለሥራ ዕቅድ እናወጣለን እንጂ ለዕረፍት ማቀድ የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ ፈቃድና ገንዘብ ከተገኘ ዕረፍቱ በራሱ የሚመጣ ይመስለናል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን እኔና ቤተ ሰቤ በዛንዚባር ደሴት ባደረግነው ጕዞ ስለ ተረዳነው፥ ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ያየነውንና የተማርነውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ዛንዚባር በህንድ ውቅያኖስ ውስጥ፥ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በ6 ዲግሪ ግድም፥ ከታንዛኒያ የብስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የአገሩ ሰዎች ዋናዪቱን ደሴት ኡንጉጃ ብለው ይጠሯታል፤ ርዝመቷም 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመንገድ ሳያርፍ የሚበር አይሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል በሆነ ጊዜ ያደርሳል። እዚያ ሲደርሱም የእጅ ሰዓትን መለወጥ አያስፈልግም። እንዲያውም ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ስለሚቈጥሩ፥ እኛ ጧት ሁለት ሰዓት የምንለውን እነርሱም ሁለት ሰዓት ይሉታል። ከባዕድ አገር ደርሶ የሰዓቱ አቈጣጠር እንደ ቤት ሆኖ ማግኘት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጕዟችን በሚያዝያ ወር ነበረ። የሄድነውም ሰማያዊ ባሕር ደጁን ሲመታ የሚያሳይ የአንድ ሆቴል ፎቶግራፍ አይተን ነው። እኔም ገንዘቡ በከንቱ እንዳይባክን በማሰብ፥ በአራት ሌሊት ሦስት ማደሪያ እንድንለዋውጥና በየቀኑ ሦስት አራት ሥፍራ እንድንጐበኝ ዝርዝር ጽፌ ነበር። ከደሴቲቱ በስተ ምሥራቅ ካለው ሆቴል በማግሥቱ ጧት ተነሥተን ወደ ደጅ ብንወጣ ግን ባሕሩ የለም። እስከ ሩቅ ድረስ የሚታየው እርጥብ አሸዋና የባሕር ሣር ብቻ ነበረ። ታናሹ ልጄ «አባባ፥ የከፈልንበት ባሕር ወዴት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ቃል አጣሁ። ከቀትር በኋላ ባሕሩ ሲመለስ ደግሞ ዝናሙ አብሮት መጣ። ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ፦ «እርስዎስ ባሕሩን አይተው ተመለሱ፤ እኔ ግን ሻንጣውን ብቻ አየሁ።» ይህ ቃል ከዝናሙ ይልቅ ልቤን ነካው። የእኔ ዕረፍት የእርሷ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ኖሯልና።

ከዚህ በኋላ ስለ አገሩ ጠባይ መጠየቅና መመርመር ጀመርን። በዛንዚባር ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ነፋሳት ናቸው። ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ፥ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ይበረታል። ኩሲ የሚባለው ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ እየነፈሰ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ወራት ያቀዘቅዛል። በጥንት ዘመን የዐረብና የህንድ ነጋዴዎች በመርከብ የሚመጡትና የሚመለሱት እነዚህኑ ነፋሳት ጠብቀው ነበር። በነፋሳቱ መለዋወጫ ሁለት የዝናም ወራት አሉ፤ ማሲካ የተባለው ታላቁ ዝናም ከመጋቢት እኩሌታ እስከ ግንቦት፥ ቩሊ የተባለው ታናሹ ዝናም በኅዳር ግድም ይዘንማል። እንግዲህ እኛ የሄድነው በማሲካ መካከል መሆኑ ነው። በአንጻሩ በአገራችን ክረምቱ በሚበረታበትና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ በዛንዚባር በጋ ነው፤ አየሩም የደጋ ሰውን አያስጨንቅም።

ባሕሩም አልጠፋም ነበር። የጣናን ወይም የላንጋኖን ውኃ ብቻ የለመደ ሰው የባሕርን ሙላትና ጕድለት አያውቅምና ይደነግጣል። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ በሦስት ሰዓት የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው ወደ አራት ሰዓት ሲቃረብ ነው ማለት ነው። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ልዩነቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ በሙላቱና በጕድለቱ መካከል እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። እንደ ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉት በምሥራቁ ዳርቻ መንደሮች መሬቱ ዝርግ ስለ ሆነ ባሕሩ እጅግ ርቆ ይሸሻል። ኑንግዊና ኬንድዋ በሚባሉት በሰሜኑ መንደሮች ግን ውኃው ብዙ ስለማይርቅ በማናቸውም ሰዓት ለመዋኘት ይመቻል። የሙላቱ ሰዓት አስቀድሞ በሠንጠረዥ ታትሞ ስለሚገኝ፥ ማደሪያ ከመያዝ በፊት መመልከት ይገባል።

ሁለተኛውን ጕዞ ያቀደችው ባለቤቴ ናት። ጊዜው ነሐሴ፥ ማደሪያው አንድ፥ የምሥራቁ ዳርቻ እንዲሆን ወሰነች። እኔ ባሕሩ ወደማይሸሽበት ወደ ሰሜኑ እንሂድ ብላት፥ «ሰዓቱን ካወቅነው ምን ቸገረን?» አለችኝ። ደግሞም ሦስት ሕግ አወጣች። በቀን ከአንድ ጕዳይ በላይ እንዳይታቀድ፤ ምግብ በማሰናዳትና ልብስ በማጠብ ማንም ከቤተ ሰቡ እንዳይደክም፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀትም ሆነ ስልክ ከምሽት በቀር እንዳይከፈት። ሦስተኛው ሕግ ለማን እንደ ወጣ መናገር አያስፈልግም።

ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት የአገሩ ሴቶች ገመድና እንጨት ይዘው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ከ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር፥ የባሕር ሣር በካስማና በገመድ እያሰሩ ያመርታሉ፤ ሣሩም ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል፥ ምግብንና የጥርስ ሳሙናን ለማወፈር ያገለግላል። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ሣሩ ስለሚሞት ድካማቸው በርክቷል። ባለቤቴ ይህን ስታይ «ለእኛ ባሕር የጠፋበት ሰዓት ለእነርሱ የእንጀራ ሰዓት ኖሯል» አለች። ከዚያ በኋላ በባሕሩ መሸሽ ከልጆቻችን አንድም ያማረረ የለም።

አንድ ቀን ለከተማው ሰጠን። በኮራል ድንጋይ የተሠራው የድንጋዩ ከተማ በ2000 ዓመት በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በተቀረጹት በሮቹና በጠባብ መንገዶቹ መካከል እየዞሩ ውሎ ማታ በፎሮዳኒ አትክልት ሥፍራ ምግብ መብላት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በዚያ ከተማ ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረ። በ1873 ዓመት ሱልጣን ባርጋሽ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተዋውለው ገበያው ተዘጋ፤ በሥፍራውም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። እኛ በሻይ የምንጨምረው ቅርንፉድ በዚያ ዘመን በደሴቲቱ ይለማ የነበረው በእነዚያ ሰዎች ጕልበት ነው። ለልጆቻችን ይህን ነገርናቸው፤ ዕረፍት የተከለከሉ ሰዎች የኖሩበትን ምድር ሳያውቁ በዚያ ማረፍ አይገባምና።

ለመንገደኛ የሚያስፈልገውን ባጭሩ እነሆ። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት መያዝ፥ ስለ ወባም ሐኪም ማማከር ይገባል። ከ2024 ዓመት ወዲህ የውጭ አገር እንግዳ የደሴቲቱን የጕዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታዟል። በባሕሩ ውስጥ እንደ ጃርት እሾኽ የለበሰ እንስሳ ስላለ ያለ ጫማ አይገባም። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ይበረታልና ልጆችን በጥላ ማቆየት ያስፈልጋል። ሕዝቡ አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ በከተማና በመንደር ገላን ሸፍኖ መሄድ፥ በረመዳንም ቀን በአደባባይ አለመብላት ጨዋነት ነው።

በመጨረሻው ቀን ማታ ባሕሩ ሞልቶ ደጃችን ደርሶ ነበር። ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፥ ሻንጣውን እኔና ልጆቹ አሰናዳን። ወደ አገራችን ስንመለስም ምን አየሽ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ከፊቷ አነበብኩት። እንግዲህ ለዕረፍት የምትነሡ ሁሉ፥ መቼ እንደምትሄዱና ባሕሩ መቼ እንደሚሞላ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ግን በቤታችሁ ከሁሉ ይልቅ የደከመው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ፥ ዕቅዱንም ከእርሱ ጀምሩ።