ወንዱም ሽሮ ይሥራ

ሥራ ፍለጋ ወደ ሜኔሊክ አደባባይ (ከ1977 እ.ኤ.አ. ነፃነት ወዲህ በይፋ የጁን 27 አደባባይ ነው፤ ሰዉ ግን የድሮውን ስም አልተወም) የሄዱ ተማሪዎቻችን አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ያገኙትን ምግብ ቤት ይበላዋል፤ ካጡም በዳቦና ሻይ ይውላሉ። ሽሮ መሥራት የሚችል ከመሀላቸው የለማ! «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ሊሠራ?» የሚሉ ወላጆች ዛሬም አሉ።

እኛ መምህራን ግን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ይጀምር እንላለን። ሽንኩርቱን ይክተፍ፣ በርበሬውን ያቁላላ፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሰ ያማስል፤ ባንዴ ከገለበጠው ይጓጉላል። ቢጓጉልም ራሱ ይብላው፤ እናቱ ማማሰያውን አትንጠቀው። ይህን ሳይሰማ ግን እሳት አይንካ፦ ከሰል በተዘጋ ክፍል አይቀጣጠልም፣ ፍሙም ቤት ውስጥ አያድርም። ጭስ ባይኖረውም ጋዙ በእንቅልፍ ይገድላል። አራቱ ልጆች የሚተኙት ደግሞ በዚያችው አንዲት ክፍል ነው።