ሦስት ዓመት አዲስ፣ ሦስት ዓመት አሮጌ

ስለ ድሮ ቁጠባ የሚጻፈው አብዛኛው ድህነትን አስጊጦ የሚያቀርብ ስለሆነ ብዙም አይጥመኝም። የሲቡ ፉቾዎች ነገር ግን ይለይብኛል፤ የእነሱ ቁጠባ የተጀመረው በዕዳ ነው።

ሲቡ በማሌዥያ፣ ሳራዋክ ውስጥ፣ በራጃንግ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ዎንግ ናይ ሲዮንግ የተባለ ሜቶዲስት ከገዥው ቻርልስ ብሩክ ጋር ተዋውሎ፣ በ1901 እ.ኤ.አ. ከቻይና ፉጂያን ፉቾ የሚባሉ ሰፋሪዎችን አመጣ። ሰዎቹ የመጡት ተመላሽ በሚሆን ብድር ነበር። ሩዙ እንደታሰበው አልያዘም፤ ኑሮ የቆመው በኋላ በጎማ ዛፍ ነው።

የጎማ ሥራ ደግሞ ልብስ ያጠፋል። የዛፉ ወተት ጨርቅ ላይ ከደረቀ በኋላ ጠቁሮ ይቀራል፣ አይለቅም። ስለዚህ ልብስ ሁሉ እየወረደ ይሄድ ነበር፦ መጀመሪያ ለአዲስ ዓመትና ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ለአዘቦት፣ ከዚያ ለታናሽ፣ ከዚያ ለጎማ ጫካ፣ በመጨረሻ መወልወያ። ያኔም ቢሆን ቁልፎቹ ተነቅለው ቆርቆሮ ውስጥ ይገቡ ነበር። «ሦስት ዓመት አዲስ፣ ሦስት ዓመት አሮጌ፣ እየተሰፋ እየተጣፈ ሌላ ሦስት ዓመት» ይላሉ ቻይናዎች።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የዱቄት ከረጢቱ ነው። ፉቾዎች ኮምፒያ የሚሉትን ትንሽ ክብ ዳቦ፣ ለልደት ደግሞ ሚ ሱዋ የሚባል እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ ይበላሉ፤ ሁለቱም የስንዴ ዱቄት ይፈልጋሉ። ድሮ ዱቄቱ ይመጣበት የነበረው የጥጥ ከረጢት ከአቡጀዲ አይተናነስም ነበር። አፉ የተሰፋበት ክር፣ ትክክለኛውን ጫፍ ላወቀ ሰው፣ ሲሳብ ተተርትሮ ይወጣል፤ እሱም ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። ጨርቁ በሳሙና ይቀቀል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። እልኸኛ ቀለም ግን ነበር፤ የፋብሪካው ስም ደብዝዞ የልጅ ቁምጣ ላይ፣ ያውም መቀመጫው ላይ ይነበብ ነበር!

የተጣፈ ልብስ ሁልጊዜ ማፈሪያ ነበር ማለት አይደለም። በቻይናዎች ልማድ ለሕፃን ከየቤቱ ብጣሽ ጨርቅ ተለምኖ «የመቶ ቤት ልብስ» ይሰፋለታል፤ የብዙ ቤት በረከት ይጠብቀዋል ብለው። ሀብታምም ያደርገው ነበር።

በእናት አገራቸው በቻይና ጨርቅ ከ1954 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. የሚገኘው በኩፖን ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ዘመዶች ዘይት፣ ስኳርና ጨርቅ በጥቅል ይልኩ ነበር። ይህን ሳውቅ የሲቡ ቁጠባ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ፤ ሲቡ የተረፈው ጨርቅ ቻይና ውስጥ አንድ ሰው ያለብስ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሲነሳ አልሰማም፦ ድካሙ። የእግር ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ለሙሽራ የሚሰጥ ትልቅ ንብረት ነበር፤ ሥራም ጭምር ነበር የሚሰጣት። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ዛፍ ስትበጣ ያረፈደች ሴት ማታ በኩራዝ ጉልበት ትጥፍ፣ ኮሌታ ፈትታ ትገለብጥ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ዘመን በናፍቆት የሚጽፉት ቁምጣውን የለበሱት ልጆች ናቸው። ከሰፉት መካከል ብዙዎቹ ፊደል ሳይቆጥሩ ነው ያረጁት።